ሁለት አፎልተርን

በእጅ ጂፒኤስ ላይ «አፎልተርን» ብሎ ቦታ የሚፈልግ ሰው ከመሣሪያው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይመጣለታል፦ የቱን? አንደኛው የዙሪክ ከተማ ሰሜናዊ ሰፈር ነው፤ ራሱን ችሎ ሲኖር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ከተማው የተጠቃለለ። ሁለተኛው አፎልተርን አም አልቢስ ነው፤ ከአልቢስ ሸንተረር ማዶ በምዕራብ በኩል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ። በሁለቱ መካከል ወፍ እንደሚበርረው ቢለካ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ፍለጋውን ወደ በርን ካንቶን ቢያሰፉት ኤመንታል ውስጥ ሌላ አፎልተርን፣ ከዚያም ግሮስአፎልተርን ይጨመራሉ። ስሙ ከጥንታዊ ጀርመንኛ የፖም ዛፍ የመጣ ነው፤ ፖም በየደጁ በሚበቅልበት አገር ቢደጋገም አይገርምም። እኛስ ስንት ሾላ፣ ስንት ወርካ የሚባል ሰፈር አለን? ስለ ጂፒኤስ ምርጫ ልል የፈለግሁት ከዚችው «የቱን?» ከምትለው ጥያቄ ይጀምራል። መሣሪያው ከሰማይ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። ስሙን፣ መንገዱን፣ ገደሉን የነገረው ካርታውን የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ዙሪክ ወይም ጄኔቫ ኖሮ፣ ለእረፍት አገሩ ሲገባ ስሜንን በእግሩ ለማየት ያሰበ ኢትዮጵያዊ ጂፒኤስ ሲገዛ የሚገዛው ካርታ ነው፤ ዕቃው መያዣው ነው። ብዙ ገዢ ግን ነገሩን የሚያስኬደው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ይመርጣል፣ ከዚያ እሑድ አልቢስ ላይ ወጥቶ ይሞክረዋል፣ ጥሩ ሆኖ ሲያገኘው ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል። አልቢስ ደግሞ ማንንም የማይጥል ፈታኝ ነው።

ከአፎልተርን አም አልቢስ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና እግረኛ ብዙ ሳይርቅ ቢጫ ሰሌዳ ያገኛል። ሰሌዳው መድረሻዎቹን በስም ይዘረዝራል፤ ኪሎ ሜትር ግን አይናገርም፤ የሚናገረው ሰዓትና ደቂቃ ነው። ስሌቱ በሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰውን መነሻ አድርጎ ለዳገቱና ለቁልቁለቱ ያስተካክላል። «ገበያው ምን ያህል ይርቃል?» ሲባል «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ብሎ የሚመልሰው የእኛ ባላገርና የስዊዘርላንድ መንገድ ምልክት አድራጊ እዚህ ላይ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ልዩነቱ የባላገሩ «እዚችው ናት» በቢጫው ሰሌዳ ላይ አለመጻፏ ነው። ከሰሌዳዎቹ ጋር አንዲት ነጭ ቁራጭ ተያይዛለች፤ እሷ ላይ የቆሙበት ቦታ ስምና ከፍታው በሜትር ታትሟል። መንገዱ ወደ ኦይግስት መንደር ይወጣል፣ በ643 ሜትር ከፍታ ላይ ወደተኛው ቱርለርዜ ሐይቅ ይወርዳል፣ 790 ሜትር ገደማ ወደሆነው የአልቢስ መተላለፊያ እንደገና ይወጣል። የሸንተረሩ ቁንጮ ቡርግለን 914 ሜትር ነው፤ ደባርቅ ለተወለደ ሰው ጉብታ ነው። በየዛፉ ግንድ ላይ ቢጫ ምልክት ተቀብቷል። መንገዱ ወደ ተራራ ቢጠና ምልክቱ ነጭና ቀይ፣ ይበልጥ ቢከፋ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ በአገሪቱ ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በመከርና በክረምት ዝቅተኛው አገር በሙሉ በጉም ባሕር ሲሸፈን እንኳ ሰሌዳው ካለበት አይነቃነቅም፤ ፈጽሞ የጠፋበት ሰውም ቁልቁል ከወረደ በግራም በቀኝም ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ አያመልጥም። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሁለት መቶ ፍራንኩም የሰባት መቶ ፍራንኩም ዕቃ እኩል ያልፋል። መንገዱን ያሳየው መሬቱ ራሱ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ዕቃው ይወስዳል።

መሬቱ እንዲህ አፍ አውጥቶ የተናገረው በአንድ ጀንበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1838 ጊዮም ሄንሪ ዱፉር የተባለው መሐንዲስና የጦር መኮንን ከጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ ላይ የካርታ ቢሮ ከፈተ። ከቢሮው የወጣው የአገሪቱ ካርታ በ25 ሉህ፣ በ1:100,000 መጠን፣ ከ1845 እስከ 1865 ታተመ። በዚያው በ1838 ደግሞ አንትዋን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ምጽዋ ወርዶ፣ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ለአሥር ዓመት ያህል ሰሜን ኢትዮጵያን ዞረ፤ ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ ማዕዘን እየለካ በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎችን በካርታ ላይ አስቀመጠ። የልኬት መጽሐፉ ፓሪስ ውስጥ ታትሞ ያለቀው በ1873 ነው። በሥራ ብርታት ዳባዲን ከዱፉር የሚያሳንስ ያለ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው በእግሩና በበቅሎ የሠራው መሆኑ ሲታሰብማ ሊበልጥም ይችላል። ነገር ግን ዳባዲ ሲሄድ ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ ዱፉር ሲሞት ቢሮው ቀረ። ያ ቢሮ ዛሬ ስዊስቶፖ ይባላል፤ መንገድ በተቀየረ፣ በረዶ በቀለጠ ቁጥር ካርታውን ያርማል። እኛ ዘንድ የካርታ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ስለ ስክሪን ስፋትና ስለ ሳተላይት ብዛት ከሚወራው ሁሉ ይልቅ ለመንገደኛው ወሳኙ ይህ የመቶ ዓመት ልዩነት ነው፤ በአፎልተርን ሱቅ መስኮት ግን አይታይም።

ልዩነቱን በሁለት ድንጋዮች ማሳየት ይቻላል፤ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ጄኔቫ ሐይቅ ውስጥ ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብሎ ብቅ ያለ፣ የጥንት የበረዶ ግግር አምጥቶ የጣለው አለት ነው፤ ፒየር ዱ ኒቶን ይሉታል። የስዊዘርላንድ ከፍታ ሁሉ የሚቆጠረው ከእሱ ነው፤ በቱርለርዜ ዳር ያለችው ነጭ ቁራጭ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሐረጉ ተመዞ የሚደርሰው እዚያው ነው። የአለቱ ከፍታ መጀመሪያ 376.86 ሜትር ተብሎ ተይዞ ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በተሻለ ልኬት 373.6 ሆነ። አንድም ተራራ ሳይነቃነቅ የአገሪቱ ተራሮች በሙሉ ከሦስት ሜትር በላይ አጠሩ ማለት ነው። ሁለተኛው ድንጋይ አዲንዳን ነው፤ አቡ ሲምቤል አጠገብ የነበረ የቀያሾች ምልክት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና ከዚያ የተነሣው የልኬት ሰንሰለት ወደ ኢትዮጵያ ተዘረጋ፤ የ1:50,000 ካርታዎቻችን ግርጌ ላይ «አዲንዳን» የሚለው ስም የሚነበበው ለዚህ ነው። ከአስዋን ግድብ በኋላ ግን ምልክቱ የናስር ሐይቅ ውሃ ውስጥ ሰጠመ። የካርታችን መነሻ ነጥብ ላይ የተኛው ውሃ ደግሞ አብዛኛው የራሳችን ዓባይ ነው። የጄኔቫውን ድንጋይ ሕፃን ልጅ ከዳር ቆሞ ያየዋል፤ የእኛን የሚያየው ዓሣ ነው።

ይህ ለገዢው ምን ያደርግለታል? ቀያሾች ዳተም የሚሉት ነገር አለ፤ ምድርን ለመለካት የተመረጠ ቅርጽና መነሻ ማለት ነው። የዘመኑ ጂፒኤስ የሚያስበው ለመላው ዓለም በተበጀ ዳተም ነው፤ የቆዩት የየአገሩ ካርታዎች የሚያስቡት በየራሳቸው። የቀድሞው የስዊስ ኬክሮስና ኬንትሮስ በርን ላይ ከጂፒኤሱ 160 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የአዲንዳን ካርታ ስሜን ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል። አልቢስ ላይ መቶ ሜትር ማለት ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ ነው። በ3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የስሜኑ እሜት ጎጎ ግን መቶ ሜትር ማለት ጓሳ ረግጦ መቆምና አየር ላይ መቆም ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ቀለሙ ድምቀት ሲያብራራ ገዢው የማስተካከያውን ገጽ ከፍቶ የዳተሞቹን ዝርዝር ይይ። በጋርሚን የእጅ መሣሪያዎች ላይ አዲንዳን በፊደል ተራ ከመጀመሪያዎቹ ነው፤ ለመንገደኛ ተብለው የተሠሩ ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ግን ከዓለም አቀፉ በቀር ሌላ አያውቁም። የስዊሱም ሒሳብ ቢሆን ሁለት መልክ አለው፦ ድሮ በርን ላይ 600,000 እና 200,000 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር አሁን 2,600,000 እና 1,200,000 ሆኗል፤ የቆየ የወረቀት ካርታ ከሰገነት ላይ ያወረደ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ስሜንን በቅርበት ካነሡት ካርታዎች ጥሩዎቹ የተሠሩት ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። የስሜን ፓርክ በዩኔስኮ በተመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1978 የበርን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈሮች ባሳተሙት ጥናት ውስጥ የስሜን ሁለት የ1:25,000 ካርታዎች ወጥተዋል። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተመራማሪ በርንሃርድ ኒቨርጌልት ዋልያን ለማጥናት ስሜን ኖሯል፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ሃንስ ሁርኒም የበርን ሰው ነው። በኋላም ለእግረኞች የተዘጋጀ የ1:100,000 የስሜን ካርታ ከዚያው ከበርን ወጥቷል። እንግዲህ ከአፎልተርን የሚነሣው መንገደኛ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት አንድ ባቡር ተሳፍሮ፣ ከአገሩ ገበያ ይልቅ በበርን ቤተ መጻሕፍት የአገሩን ተራራ በደንብ ሊያየው ይችላል። ይህ ደስ የሚል እውነት አይደለም። እውነት ስለሆነ ግን ይጠቀምበት።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የስልክ ነው። «ስልኬ ሁሉንም ያደርጋል፣ ሌላ ዕቃ ለምን እሸከማለሁ?» ይባላል። ለአልቢስ ይህ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ስዊስቶፖ ከመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መረጃውን በነፃ ለቋል፤ የስልክ መተግበሪያው ዝርዝሩን ካርታ አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኔትወርክ እንዲታይ ያደርጋል። አፎልተርን ኖሮ አፎልተርን ለሚሄድ ሰው ጂፒኤስ እንዲገዛ አልመክረውም፤ በገንዘቡ ጥሩ ጫማ ይግዛ። ነገር ግን የስዊስቶፖ ዝርዝር ካርታ ድንበሩ ላይ ያበቃል። ስሜን ላይ ስልኩ የሚያሳየው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፤ እሱም አንዱ ሸለቆ ውስጥ እስከ ጅረቱ ድረስ የተሣለ፣ ቀጣዩ ሸለቆ ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል። የስልክ ስክሪን ግን ባዶውንም የተሣለውንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው የሚያሳየው። ከዚህ ላይ የቆላ ሰው የማያስባት ብርድ ትጨመራለች፤ ስሜን ውስጥ ግጭ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በውርጭ ያደረ የስልክ ባትሪ ጠዋት ላይ ግማሹን እንደያዘ ድርግም ሊል ይችላል። የሚነካ ስክሪንም በዝናብና በጓንት እሺ አይልም፤ ጉልህ ቁልፍ ያለው ዕቃ እሺ ይላል። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ አንድ ካርታ ቢያሳዩም፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በደነዘዘ ጣት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የትክክለኛነት ነው፤ ይህኛው ከሻጭ አፍ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ አሜሪካ የሲቪሉን ምልክት ሆን ብላ ታበላሸው ነበር፤ ስሕተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ማበላሸቱ ሲቆም ሁሉም ሰው ባንድ ሌሊት ተጠቃሚ ሆነ። አሁን ከአሜሪካው ሥርዓት ጎን የአውሮፓው ጋሊልዮ፣ የሩሲያው ግሎናስና የቻይናው ቤይዱ አሉ፤ አዳዲሶቹ ዕቃዎችም ምልክቱን በሁለት ሞገድ ይቀበላሉ። የዚህ እጅ ሥራ ከፊሉ ለአፎልተርን ጎረቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዩ-ብሎክስ መቀበያ ቺፕ የሚቀርጸው ከአልቢስ ማዶ በታልቪል ነው። ሁለት ሞገድ ለስሜን ዋጋ የለውም አልልም፤ ይልቁንም ከአልቢስ ይልቅ እዚያ ይሠራል። ምክንያቱም ምልክቱ 20,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ገደል ላይ ሲነጥር መቀበያው የነጠረውን ከቀጥታው ጋር ይደባልቃል፤ የስሜን ተራሮች ሰሜናዊ ገደል ስር የቆመ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰማዩን ተራራው ጋርዶበታል። ብዙ ሳተላይት የሚያይ፣ ነጣሪውን የሚለይ ዕቃ ያኔ ይጠቅማል። የምቃወመው ሦስት ሜትርን እንደ ዋናው መመዘኛ ማየትን ነው። ከታቹ ያለው ካርታ መቶ ሜትር ከተዛነፈ፣ ቦታን በሦስት ሜትር ማወቅ በተሳሳተ ገጽ ላይ በቀጭን እርሳስ ነጥብ ማድረግ ነው።

ከፍታ ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስቃል። ጂፒኤስ በራሱ የሚያውቀው ከፍታ ለሒሳብ ከተበጀ ለስላሳ እንቁላል መሳይ የምድር ቅርጽ ላይ የሚለካ እንጂ ከባሕር ወለል የሚለካ አይደለም፤ ዙሪክ አካባቢ በሁለቱ መካከል 47 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ጥሩ ዕቃ ልዩነቱን ራሱ ያቀናንሳል፤ አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ ግን ጥሬውን ቁጥር ይሰጣል፤ ያኔ ቱርለርዜ ውሃው ዳር የቆመ ሰው 690 ሜትር ላይ ነህ ይባላል። እዚያ ግን ነጯ ቁራጭ 643 ብላ ወዲያው ታጋልጠዋለች። ራስ ደጀን ላይ ማን ያጋልጠዋል? የተራራው ቁመት ራሱ በቆዩ መጻሕፍት 4,620፣ በኋለኞቹ 4,550 ሜትር ገደማ ተብሎ የሚጻፍ ነው፤ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው የትኛውን ይመን? ስለዚህ የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ዕቃ ይሻላል ባይ ነኝ። ግፊት መለኪያ ከአየሩ ጠባይ ጋር ስለሚዋዥቅ ጠዋት ጠዋት ከታወቀ ከፍታ ላይ መቃናት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን የቀኑን ዳገትና ቁልቁለት ከሳተላይቱ ይልቅ በቀና መልኩ ይይዛል። በጉም ውስጥ ከቧሂት ወደ መሸሃ ወንዝ የሚወርድ ሰው ስንት መቶ ሜትር እንደወረደ ማወቁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ከማወቅ ይበልጥ ይረዳዋል፤ ቁልቁለቱን ነገ በዳገት የሚከፍለው ነውና።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ሲገባው ከሁሉ በኋላ የሚያየው እሱን ስለሆነ። አዲሶቹ ውድ ዕቃዎች አብሮ የተሠራ ባትሪ አላቸው፤ የጋርሚን ጂፒኤስማፕ 67 አንዴ ከተሞላ እስከ 180 ሰዓት እንደሚሠራ ይነገርለታል። ርካሹ ኢትሬክስ 32ኤክስ ደግሞ በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በወረቀት ላይ ውድድር የለም። ነገር ግን የ180 ሰዓቱ ባትሪ ሲያልቅ ሶኬት ይፈልጋል፣ ካረጀም ባለሙያ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ የሚፈልገው ሱቅ ነው። ደባርቅ ላይ ባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ይሸጣል። እዚህ ላይ ግን የሚያስተዛዝብ ዝርዝር አለ። ከመደርደሪያው ላይ የሚወርደው ርካሹ ድንጋይ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት የተሠራው የካርቦን ዘር ነው፤ ጂፒኤስ እሱ ላይ ሲጣድ ከሰዓታት በላይ አይቆይም፤ በብርድ ጭራሽ ይጨርሰዋል። ሲይዙት ቀለል የሚል ከሆነ እሱ ነው፤ አልካላይኑ ከበድ ይላል። በውርጭ የማይበገረው የሊቲየሙ ድንጋይ ግን ከዙሪክ መያዝ ያለበት ነው፤ ክብደቱ ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ የክብደት ፈተናው ለእሱ አይሠራም፣ ስሙ መነበብ አለበት። መሣሪያው ላይም የትኛው ዓይነት እንደገባ በማስተካከያው ገጽ መነገር አለበት፤ ካልተነገረ የባትሪው ሥዕል ሙሉ እንዳለ ዕቃው ሊጠፋ ይችላል። የእኔ ምርጫ እንግዲህ ታወቀ፤ ቁልፍ ያለው፣ ግፊት መለኪያ ያለው፣ አዲንዳንን የሚያውቅ፣ ድንጋይ የሚበላ ዕቃ። አዲስነቱ አያሳስበኝም።

ሌላው ወገን ደግሞ «ዋናው ነገር አደጋ ሲደርስ መጥራት ነው፤ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ዕቃ ግዛ» ይላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጥሪው ሰሚ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት ሬጋ በ1414 ይጠራል፤ በመተግበሪያው ከተጠራም የጠሪው ቦታ አብሮ ይደርሰዋል፤ አየሩ ከፈቀደ ሄሊኮፕተሩ ይመጣል። የኢሪዲየም 66 ሳተላይቶችን የሚጠቀም ዕቃ ስሜን ውስጥ ካለው ከአምቢቆ ሰፈርም መልእክት ይልካል፤ ይህን አልክድም። መልእክቱ ግን የሚደርሰው ሌላ ክፍለ ዓለም ያለ የጥሪ ማዕከል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው በቅሎ ነው፣ አልጋ ተሸክሞ የሚወጣ የመንደር ሰው ነው። ለቤተሰብ «ደህና ነኝ» ለማለት ይበጃል፤ ለሬጋ ምትክ ግን አይሆንም። የሳተላይት መገናኛ ዕቃ ይዞ የሚገባ ደግሞ ቦሌ ላይ ፈቃድ ሊጠየቅ እንደሚችል ያስብ፤ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፤ ካለመጠየቅ ጂፒኤስም ጉምሩክ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገደኛው ከዕቃው በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ መንገዱ ደህንነት ነው፤ ለዚያ የሚሆን ሳተላይት የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የመጨረሻው ተቃውሞ ነው። ስሜን የሚገባ ሰው ደባርቅ ላይ የፓርክ ስካውት ይመደብለታል፤ ስካውቱ መንገዱን ከነጅራቱ ያውቀዋል፣ ጉም ቢወርድ የት መጠለል እንደሚሻል፣ የቱ ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ ያውቃል። ጭላዳው ወዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ እያለ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ መንገደኛ ለትዝብት ይዳረጋል። ለዚህ የማቀርበው ሙሉ መልስ የለኝም፤ ግማሽ መልስ አለኝ። ስካውቱ መንገዱን ያውቃል እንጂ የእንግዳውን ሳንባ አያውቅም። እሱ በሁለት ሰዓት የሚወጣውን ዳገት ከአፎልተርን የመጣው ሰው በአራት ይወጣል፤ «እዚችው ናት» ለስካውቱ እውነት ነው። መሣሪያው የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ዛሬ ስንት መቶ ሜትር ወጣሁ፣ በምን ፍጥነት፣ ከመምሸቱ በፊት የሚቀረኝን እደርሳለሁ ወይስ አልደርስም የሚለውን ለራስ ለማወቅ። ቢጫው ሰሌዳ አፎልተርን ላይ የሚሠራውን ሥራ፣ ሰሌዳ በሌለበት አገር እንግዳው በራሱ እግር ልክ ይሠራዋል። ለመንገድ ምሪት ግን ስካውቱ ይቀድማል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ ስካውቱን ነው የምከተለው።

ይህን ለማድረግ ከጉዞው በፊት ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ከግዢው ይልቅ ጊዜ መውሰድ ያለበትም እሱ ነው። ካርታውን ዘርግቶ፣ ዳተሙን ከግርጌው አንብቦ፣ ሳንቃ በርን፣ ግጭን፣ እሜት ጎጎን፣ ጨነቅን፣ ቧሂትን አንድ በአንድ በመሣሪያው ላይ ምልክት ማድረግ። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ነገር ይመጣል። በዕቃው የፊደል ሰሌዳ ላይ ያለው ላቲን ነው፤ ግጭን በላቲን አንዱ ካርታ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል፤ ራስ ደጀንም ራስ ዳሸን እየሆነ ይመጣል። ያልተጻፈበትን አጻጻፍ ተከትሎ የፈለገ ሰው «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ቦታው ግን ከጫማው ሥር ነው። ስለዚህ መንገደኛው ጆሮው እንደሰማው፣ አፉ እንደሚለው አድርጎ ይጻፈው፤ የፈረንጁን አጻጻፍ ለፈረንጅ ይተው። ደባርቅ ላይ ከስካውቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ስክሪኑን ከማሳየት ይልቅ ስሞቹን ጮክ ብሎ ያንብብለት። ስካውቱ አንዳንዱን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱን ያርምለታል፣ በአንዱ ላይ ደግሞ ፈገግ ብሎ «የቱን?» ይለዋል።